የምሽቱ ክሊኒክ፦ ለሐኪሙ 5 ኮከብ፣ ለመስኮቱ 1

ቢሮ የማጸዳው በቀን ሒሳብ ነው፤ ያልገባሁበት ቀን አይከፈልም። ሰገራዬ ላይ ደም ማየት ከጀመርኩ ሰባት ወር አልፎኛል። ኪንታሮት ነው ብዬ ተውኩት፤ ኪንታሮት እንዲሆንልኝ ስለፈለግሁ። የማጸዳለት ኃላፊ ሁለት ቀን ካሳለው ከወንበሩ ሳይነሳ ደውሎ ይቀጠራል፣ ታይቶም ይመለሳል፤ ደመወዙ አይነካም።

እኔን አስደፍሮ ያስገባኝ ክሊኒኩ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መሥራቱ ነው።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ከፊቴ የነበረውን ባለከረባት «ምን ልርዳዎት?» ያለው ልጅ፣ እኔ ስደርስ «አንቺስ፣ ምንሽን ነው?» አለኝ፤ ያውም ጮክ ብሎ። 49 ዓመቴ ነው፤ እናቱ እሆናለሁ። ከኋላዬ ሰልፉ ውስጥ ጎረቤቴ ቆማለች። «ሆዴን» አልኩት። «ሆድሽን ምን?» «ያመኛል።» ካርዱ ላይ «የሆድ ሕመም» ብሎ ጻፈ። ደም የሚል ቃል የለበትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ተረቱን ያወጣው ሰው በዚያ መስኮት አላለፈም።

ሐኪሙ ካርዱን አንብቦ «ሌላስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም አልቸኮለም፣ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ነገርኩት። «ደሙ ደማቅ ነው ወይስ ጠቆር ያለ? ከሰገራው ጋር ይቀላቀላል? ክብደት ቀንሰዋል? ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የያዘው አለ?» በ«እርስዎ» ነው የጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ቢሆንም ሳይመረመሩ ኪንታሮት ነው ማለት እንደማይቻል አስረዳኝ። የአንጀት ካንሰር ከአንጀት ሳያልፍ ከተደረሰበት ከ10 ሰው 9ኙ ያህል ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት ይኖራሉ፤ ራቅ ወዳለ አካል ከተሰራጨ ግን 2 እንኳ አይሞሉም አለኝ። ሰባቱን ወር በጣቴ ቆጠርኩ። አልተቆጣኝም።

የደም ማነስ እንዳለብኝ ለማየት ደም ሰጠሁ፤ ውጤቱ እዚያው ደረሰልኝ። ትንሽ ማነስ አለ።

እዚህ የምትሄዱ፣ ሕመማችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በመስኮቱ አቀብሉ። ክሊኒኩም ለካርድ ክፍሉ አንድ መጋረጃ ቢገዛ አይከስርም።

ሐኪሙ ያዘዘልኝ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ከውስጥ በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ግን በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ነው የሚሠራው። ከዋዜማው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ስለሚጠጣ ሁለት ቀን ይበላብኛል። ማክሰኞ ተቀጥሬያለሁ፤ ለአሠሪዬ ዘመድ ሞቶብኝ ነው ልል ነው።