ፖስትግሬስ፦ 14 ተከራይ በአንድ ግቢ

ለመድኃኒት ቤቶች፣ ለሁለት ክሊኒኮችና ለጥቂት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የዕቃና የሽያጭ ሲስተም እሠራለሁ። ቢሮዬ ገርጂ ነው፤ አንድ ክፍልና አንድ ረዳት ልጅ ቢሮ ከተባለ። የ14ቱም ደንበኞቼ መረጃ ያለው ውጭ አገር በተከራየሁት አንድ ሰርቨር ላይ፣ አንድ ፖስትግሬስ (መረጃ ማከማቻና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱ ዳታቤዝ። 8 ጊጋ ራም፣ 4 ኮር። ኪራዩን በካርዷ የምትከፍለው ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት። ሒሳባችንን እንተሳሰባለን።

ፖስትግሬስ ራሱ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። በነፃ ያገኘሁትን ነገር ማማት ደስ አይለኝም። ግን አራት ዓመት አብረን ኖረናል፤ አመሉን አውቄዋለሁ።

ከጥሩው ልጀምር። ግድግዳው ጠንካራ ነው። ድሮ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ ሳለሁ፣ አንድ ተጠቃሚ ፈቃዱ ካለው የሁለት ዳታቤዝ ሰንጠረዦችን በአንድ ጥያቄ ማገናኘት ይችል ነበር። ፖስትግሬስ ላይ ይህ በዋዛ አይሆንም። አንዱ ዳታቤዝ ውስጥ ሆነህ የሌላውን ሰንጠረዥ ብትጠራ ቁርጥ አድርጎ እምቢ ይልሃል። ሁሉንም ደንበኛ በአንድ ሰንጠረዥ አጉረው በደንበኛ ቁጥር የሚለዩ ጓደኞች አሉኝ። አይፈረድባቸውም፤ ለሥራ ይቀላል። እኔ ግን ራሴን አውቃለሁ። ሌሊት ደክሞኝ ስጽፍ አንዲት ማጣሪያ ብረሳ የቦሌው መድኃኒት ቤት የመግዣ ዋጋ መርካቶ ይነበባል።

አምና አንድ ደንበኛ የራሱን ሰርቨር ገዝቶ ወጣ። ዳታቤዙን በፒጂ ደምፕ (ዳታቤዝን ወደ ፋይል በሚገለብጠው መሣሪያ) አውጥቼ በፒጂ ሪስቶር (መልሶ በሚያስገባው) እዚያው አስገባሁለት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ሥራው አለቀ።

አሁን ወደ አመሉ። ፖስትግሬስ ሲጫን በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው ግንኙነት 100 ነው። ከዚያ ላይ ሦስቱን ለአስተዳዳሪ ይይዛል። የኔ ሲስተም ደግሞ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስትነሳ 10 ግንኙነት ከፍታ ነው የምትቀመጠው። ዘጠኝ ደንበኛ እያለኝ ሰላም ነበር። አሥረኛውን ሰኞ ጠዋት አስገባሁ። 97 ቦታ፣ 100 ፈላጊ። ቦታ ያጡት ደጋግመው ሲያንኳኩ ስክሪኑ ላይ «ሶሪ፣ ቱ ሜኒ ክላየንትስ ኦልሬዲ» የሚል መጣ። ይቅርታ፣ ደንበኛ በዝቷል ማለቱ ነው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አሥር ደንበኛ ያለኝ ሰው! የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀኝ ሰው!

ቁጥሩን ዝም ብሎ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው የሚያስነሳው፤ ራሙን ይበላዋል። ፒጂባውንሰር የሚባል አገናኝ ሶፍትዌር መሀል አስገባሁ። ጥቂቱን ግንኙነት ለብዙው ያዳርሳል። በየዳታቤዙም ላይ የግንኙነት ገደብ ጣልኩ፣ ስምንት ስምንት። ከዚያ ወዲህ ያ መልእክት አልመጣብኝም።

የሚቀጥለው ጥፋት የራሴ ነው። ለዳታቤዞቹ የድርጅቶቹን ስም ሰጥቼ ነበር። አንድ ደንበኛ ሪፖርቱን በራሱ ልጅ ሊያሠራ ፈለገና የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ሰጠሁት። ልጁ ፒጂአድሚን በሚባለው የፖስትግሬስ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ገባ። በግራ በኩል የ14ቱም ስም ተደርድሮ ቁጭ። ፖስትግሬስ ውስጥ ማንም የገባ ተጠቃሚ የሁሉንም ዳታቤዝ ስም ያያል። ይባስ ብሎ፣ ካልከለከልክ በቀር፣ አዲስ ዳታቤዝ ለሁሉም ተጠቃሚ ለመግቢያ ክፍት ነው። ሰንጠረዦቹን ማንበብ አይችልም፤ ግን ሳሎን ድረስ ይገባል። «እንዴ፣ እነ እገሌም አንተ ጋ ናቸው?» ብሎ ደንበኛው ደወለልኝ። እነ እገሌ ከሱ ፊት ለፊት ያለው ተፎካካሪው ነው። ያን ቀን ማታ የመግቢያ ፈቃዱን ከሁሉም አነሳሁና ስሞቹን በቁጥር ቀየርኩ። ዘግይቼ።

ሰኔ 30ን ግን መቼም አልረሳም። የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ ሁሉም ቆጠራ ላይ ነው። አንዱ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የዓመቱን ሽያጭ በአንድ ሪፖርት ጠየቀ። አልመጣ ሲለው ደግሞ ነካ። ደግሞ ነካ። አራት ከባድ ጥያቄ አንድ ላይ ዲስኩን ያዙት። ተከራይ የበዛበት ግቢ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዷ ምጣድ ስትጥድ የሁሉም መብራት ይደበዝዛል። 13ቱ እኩል ደወሉ። አንዲት ፋርማሲስት «ሰልፉ በር ደርሷል» አለችኝ። በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ሊወስድ የመጣ ሰው በቆርቆሮ ሻጭ ሪፖርት ምክንያት ቆመ።

ፖስትግሬስ ላይ ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ዳታቤዝ ይህን ያህል ፕሮሰሰር፣ ይህን ያህል ዲስክ ብለህ የምትመድብበት ነገር ከራሱ ጋር አይመጣም። ግድግዳው ለዓይን ነው፤ ቆጣሪው አንድ ነው። ከ30 ሰከንድ ያለፈ ጥያቄ እንዲቋረጥ በየተጠቃሚው ላይ አስቀመጥኩ። እሱንም ቢሆን ተጠቃሚው ራሱ ገብቶ መቀየር ይችላል። ዓመታዊ ሪፖርት አሁን የሚወጣው ሌሊት ብቻ ነው። ነጋዴው ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ።

የዲስኩም ነገር ያው ነው። አንዱ ክሊኒክ የስካን ምስል ሁሉ ዳታቤዝ ውስጥ ያጉር ነበር። የሁሉም የለውጥ መዝገብ (ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ የሚጽፍበት) ያረፈበት ዲስክ ከሞላ የሚቆመው ክሊኒኩ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነው። በየሳምንቱ ዓርብ የየአንዳንዱን መጠን አያለሁ።

ባክአፕ ላይ ደግሞ ሳላውቅ የገባሁበት ጉድጓድ አለ። ያ የለውጥ መዝገብ ለሁሉም ዳታቤዝ አንድ ነው። «ወደ 9 ሰዓት ከ10 መልሰው» ማለት ትችላለህ፤ የሚመለሰው ግን ሙሉው ሰርቨር ነው። የአንድ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ የተሳሳተ ፋይል አስገብቶ የዕቃውን ዋጋ በሙሉ ሲያበላሽ፣ ለእሱ ብዬ የ13ቱን ሽያጭ ወደ ኋላ ልመልስ? ሌላ ሰርቨር በሰዓት ተከራየሁ። ሁሉንም እዚያ ወደ 9 ሰዓት ከ10 መለስኩ። የእሱን ብቻ ቀድቼ አመጣሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የየዳታቤዙ ፒጂ ደምፕ ለየብቻ ይወጣል። የተጠቃሚዎቹ ስምና ፓስወርድ ደምፑ ውስጥ ስለማይገባ እሱንም ለብቻው አወጣለሁ።

ለትንንሽ ደንበኞች አሁንም በዚሁ እቀጥላለሁ። ክሊኒኮቹን ግን ላወጣቸው ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሕመምተኛ መረጃ ከቆርቆሮ ዋጋ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ባለፈው ሳምንት ውል ለማደስ ከደንበኞቼ ቀዳሚ የሆኑት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከፈለጉ ለብቻዎ ሰርቨር ልከራይልዎ እችላለሁ ብዬ ዋጋውን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ተወው፤ ባለሁበት እሆናለሁ። ለመሆኑ ጎረቤቶቼ እነማን ናቸው?»

«እሱን አልነግርዎትም።»

ሳቁና ፈረሙ።