ባለ ሦስት ጥርስ ብሪጅ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ብሪጅ የተነቀለን ጥርስ ቦታ የሚሞላ፣ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ተያይዞ የሚለጠፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ይህኛው ያለው በታችኛው ረድፍ፣ በተነቀለው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ቦታ ላይ ነው። ከፊትና ከኋላው ያሉት ሁለት ተሸካሚ ጥርሶች ተሞርደው ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ለብሰዋል። መሃለኛው ሥር የለውም፤ ከሁለቱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ድዱን ነካ አድርጎ ያርፋል። ውስጡ ብረት፣ ላዩ ፖርስሌን (የጥርስ ቀለም ያለው ሸክላ መሰል ቁስ) ነው። ለማኘክ እንከን አይወጣለትም፤ ዕድሜው ግን ከሥሩ በመጽዳቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ዋናው ጉዳይ ንክሻው ነው። በተለጠፈበት ቀን ማደንዘዣው ስላለቀቀ «ደህና ነው» የሚለው መልስ አያስተማምንም። ድንዛዜው ካለፈ በኋላ አፍ ሲገጠም ብሪጁ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ መመለስ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ባለ ቀለም ወረቀት አስነክሶ ቀለም የያዘውን ነጥብ ይሞርዳል። የሚነሳው ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ነው፤ ካልተነሳ ግን በየጉርሻው ሸክሙ እዚያው ያርፋል፣ ጥርሱን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ይቆጣል፣ ፖርስሌኑም ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሞረደውን ቦታ ሳያለሰልስ እንዳይለቃችሁ፤ ሻካራ ፖርስሌን ከላይ ያለውን ጤነኛ ጥርስ ይበላዋል።

ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ሳምንታት መውጋቱ ይጠበቃል፤ ሕያው ጥርስ ከላዩ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ተሞርዷልና። እየቀነሰ ከሄደ ደግ። ትኩስ ነገር ቀስቅሶት የሚቆይ ወይም ሌሊት የሚያባንን ሕመም ግን ነርቩ መጎዳቱን ያመለክታል። ያኔ የሥር ሕክምና (ነርቩን አውጥቶ ሥሩን መሙላት) ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ብሪጁ ሳይነሳ ክራውኑ ከላይ ተበስቶ ይሠራል።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ሦስቱ ጥርሶች የተያያዙ ስለሆኑ የጥርስ ክር ከላይ ወደ ታች አይገባም። ጫፉ ደረቅ፣ መሃሉ ስፖንጅ መሰል የሆነ የብሪጅ ክር አለ፤ ካልተገኘ ተራውን ክር የሚያሾልክ የፕላስቲክ መርፌ ይበቃል። ጫፉን ከጉንጭ በኩል በመሃለኛው ጥርስ ሥር ማሾለክ፣ በምላስ በኩል መሳብ፣ ከዚያ ክሩን አንዴ ወደ ፊተኛው፣ አንዴ ወደ ኋለኛው ተሸካሚ ጥርስ አስጠግቶ ማመላለስ ነው። ማታ ማታ አንድ ጊዜ በቂ ነው። መፋቂያ የውጭውን ፊት ጥሩ አድርጎ ያጸዳል፣ እዚህ ሥር ግን አይደርስም። ስንጥር ደግሞ ድዱን እየወጋ ያቆስላል።

ክሩን አሽትቱት። አንድ ጎን ብቻ ሁልጊዜ የሚሸት ከሆነ በዚያ በኩል ማጣበቂያው ለቆ ሊሆን ይችላል። ብሪጁን በጣት ሲጫኑት በክራውኑ ጫፍ የምራቅ አረፋ ብቅ ካለ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። ሙሉ በሙሉ የወደቀ ብሪጅ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል፤ በአንድ ጎን ብቻ የለቀቀው ግን ሌላው ጎን ስለያዘው ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ከሥሩ ያለው ጥርስ ይበሰብሳል። ከወደቀ ደግሞ በሱቅ ሙጫ አትለጥፉት፤ አጥባችሁ በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ በቀናት ውስጥ ሂዱ፣ ከቆየ ጥርሶቹ ተንቀሳቅሰው አልገጥም ሊል ይችላል።

በምግብ በኩል እንጀራው፣ ወጡ፣ ሥጋው አያስቸግርም። የሽምብራ ቆሎና አጥንት ግን በዚያ ጎን አይታኘክ። ትንሽ የተሸረፈ ፖርስሌን ይለሰልሳል ወይም በሙሌት ይጠገናል፤ ብረቱ በሰፊው ከታየ ግን እንደገና ማሠራት ይመጣል፣ ፖርስሌን በምድጃ የሚጋገር እንጂ አፍ ውስጥ የሚሠራ አይደለምና።

ቀለሙ አይለወጥም፤ በኋላ ሌሎቹን ጥርሶች ብታስነጡ ብሪጁ እንዳለ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎች የብሪጁ ቀለም ከጎረቤት ጥርሶች ጋር እንዲመሳሰል ከሐኪሙ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ድድ ሲሸሽ የብረቱ ጠርዝ ግራጫ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከኋላ ግድ የለም፣ ለፊት ጥርስ ግን ዚርኮኒያ (ነጭ ጠንካራ ሴራሚክ) ይሻላል። ጎረቤቶቹ ጥርሶች ቀድሞ በሰፊው የተሞሉ ከሆኑ ብሪጅን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ምንም ያልነካቸው ከሆኑና አቅም ከፈቀደ፣ እነሱን ከማስሞረድ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ይቅደም።

በየስድስት ወሩ ሐኪሙ የክራውኑን ጠርዝ ዙሪያውን በቀጭን መርማሪ ይዳስሰው። ራጅ ብቻውን አይበቃም፤ ጨረሩ ብረቱን ስለማያልፍ ከክራውኑ ውስጥ የተደበቀውን መበስበስ አያሳይም።