አንድ ያንች፣ አንድ የኔ፦ ደሴ ፒያሳ ላሉት መጽሐፍ ሻጭ ምስጋና

ይህን ከመጻፌ በፊት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ጋሼ ትንሽ አሰብ አድርገው «ስሜን ካልጠራሽ ጻፊ» አሉኝ። ስለዚህ ስማቸውን አልጠራም። ፒያሳ የሚመላለስ የደሴ ሰው ግን ሳያያቸው አልቀረም። አስፋልቱ ዳር ሰማያዊ ሸራ አንጥፈው፣ ያገለገሉ መጻሕፍት ደርድረው የሚቀመጡ አባት ናቸው። መጽሐፎቻቸውን በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ይለብዷቸዋል። የተገነጠለውን በኮላና በመርፌ ክር ይጠግኑታል። የደሴ ዝናብ ድንገት ሲወርድ መጀመሪያ የሚሸፍኑት መጽሐፉን ነው፣ እሳቸው ቀጥለው ነው የሚጠለሉት።

ሰው ለሐኪም፣ ለመካኒክ፣ ለልብስ ሰፊ ምስጋና ሲጽፍ አያለሁ። ደስ ይለኛል። እኔ ደግሞ ለመጽሐፍ ሻጭ ልጽፍ ነው። እኝህ ሰው የጠፋብኝን ንባብ መልሰውልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የወንጀል፣ የስለላ፣ የግድያ ምርመራ ካልሆነ መጽሐፍ አልገልጥም። በኪራይ እያመጣሁ፣ ማታ እናቴ መብራት አጥፊ እስክትለኝ አነብ ነበር። ሌላው ሁሉ ለኔ የትምህርት ቤት ነገር ነው። ታሪክ ማለት ዓመተ ምሕረት መሸምደድ፣ ግጥም ማለት ፈተና ላይ የሚመጣ። ሰው የግጥም መጽሐፍ በገንዘቡ ገዝቶ ሲሄድ ሳይ በእውነት ይገርመኝ ነበር።

ከዚያ 2014 መጣ። በጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማውን ለቀን ወጣን። ስንመለስ ቤቱ የቤት ወግ አልነበረውም። መጻሕፍቴ ገሚሱ የለም፣ ገሚሱ ወለሉ ላይ ረጥቦ ተጣብቋል። እሱንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ጓደኛዬ እንድጽናና ብላ አዲስ ልብ አንጠልጣይ አመጣችልኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጥይት ተተኮሰ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሌላ ሞከርኩ፣ ያው ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮዬ ውጭ ውጭውን ያዳምጣል። ዕድሜዬን ሙሉ የወደድኩት ነገር አስፈራኝ። ከዓመት በላይ አንድ መጽሐፍ አልጨረስኩም። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ሰው ስንት ነገር አጥቶ እኔ ስለ ልብ ወለድ ላውራ?

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ልገዛ አልነበረም። የተረፉትን መጻሕፍቴን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ልሸጥላቸው ነው። አንድ በአንድ አገላበጧቸው። ዋጋ አልነገሩኝም። «አንች ልጅ፣ ከነዚህ ውስጥ ምኑን ነበር የምትወጂው?» አሉኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው የሚጠይቀው ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወጃለሽ ብሎ ነው። እሳቸው የጠየቁኝ በውስጡ ምኑን እንደምወድ ነው። ቆሜ አሰብኩ። ተኩሱን አይደለም። ደሙንም አይደለም። «ፍለጋውን» አልኳቸው። «ማን እንዳደረገው ከትንሽ ነገር ተነስቶ መድረሱን።»

ጎንበስ ብለው ከካርቶን ውስጥ አንድ ቀጭን የታሪክ መጽሐፍ አወጡ። «ሃምሳ ገጽ አንብቢ። እስከዚያ ተኩስ የለበትም። ካልጣመሽ መልሽው፣ ገንዘብሽን ትወስጃለሽ።» ስለ ተኩሱ አንድም ቃል አልነገርኳቸውም ነበር። ደሴ የከረመ ሰው ስለሆኑ ይሆናል የገባቸው።

መጽሐፉ ስለ ውጫሌ ውል ነው። ውጫሌ! ወልድያ ስንሄድ፣ ሐይቅን ካለፍን በኋላ መኪና ቆሞ ሻይ የምንጠጣባት ከተማ። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. መፈረሙን ለፈተና ሸምድጄ ወዲያው ረስቼዋለሁ። አሁን ግን በፍለጋ ዓይን አነበብኩት። አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ያንን መቻል ግዴታ አደረገው። አንዲት ግስ ናት። በዚያች ግስ ላይ ቆማ ነው ኢጣሊያ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ ያስታወቀችው። ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጽፈው፣ ከእንግሊዝ የመጣላቸው መልስ ጉዳይዎ በኢጣሊያ በኩል ይምጣ የሚል ሆነ።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ እኮ ምርመራ ነው! ማስረጃው ሁለት ወረቀት ነው፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ማን ያውቅ ነበር? የተዋዋለው ኮንት አንቶኔሊ ነው? አስተርጓሚው ስቶ ነው? ምኒልክ በ1885 ውሉን እስኪያፈርሱ ድረስ ያለውን ክርክር በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። ሃምሳኛው ገጽ የት እንዳለፈ አላውቅም። ዐድዋ ጋ ስደርስ ተኩስ አለ፣ አዎ፣ የካቲት 23 ቀን 1888። ግን ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ እያወቅኩ ስለደረስኩበት ማለፍ ቻልኩ። ከዓመት በኋላ የጨረስኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው።

ተመልሼ ስሄድ ሕጋቸውን ነገሩኝ። «አንድ ያንች፣ አንድ የኔ።» አንዱን አንቺ የምትፈልጊውን ትመርጫለሽ፣ ሌላውን እሳቸው ይመርጡልሻል። እሳቸው የመረጡት ሃምሳ ገጽ ድረስ ካልያዘሽ ተመላሽ ነው። ለሁሉም ደንበኛ እንዲህ ናቸው። ደብተር አላቸው፣ ማን ምን ወስዶ ምን እንዳለ ይጽፉበታል። ኬሚስትሪ አስተማሪ አውቃለሁ፣ በሳቸው ምክንያት ተረት የሚያነብ። የባጃጅ ሾፌር አለ፣ ስለ ንብ ማነብ አንብቦ አሁን ወሬው ሁሉ ንብ ነው።

የኔን ሁሉ ብዘረዝር አያልቅም። አንድ የፍልስፍና መጽሐፍ 31ኛው ገጽ ላይ አቃተኝና መለስኩት። «አብሽሪ፣ ሌላ ጊዜ» ብለው ተቀበሉኝ። አንድ ተውኔት ከእህቴ ጋር ወጥ እየሠራን ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለን ጮክ ብለን አነበብነው። ልጆቿ እስከዛሬ ይደግሙታል።

ስለ መንዙማው ግን ሳልናገር አላልፍም። ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ ሂሳብ። ጠዋት በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ማንበብ አይሞከርም፣ ራስ ያዞራል። መንገዱ ቀጥ ሲል ነው የምገልጠው። ጋሼ አንድ ቀን ስለ ወሎ መንዙማ የተጻፈ መጽሐፍ ሰጡኝ። ግጥም ነው አልኳቸው ፊቴን አኮሳትሬ። «ሃምሳ ገጽ» አሉኝ፣ በቃ።

አያቴ እህል ስታበጥር የምታንጎራጉረው ዜማ ነበራት። ልጅ ሆኜ ዝም ብሎ የሴቶች እንጉርጉሮ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደራሲ አለው። ለካ የወሎ ሼኾች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፣ አጀሚ ይባላል። በአጤ ዮሐንስ ዘመን ሃይማኖታቸውን አንለውጥም ብለው የተቃወሙት ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር መንዙማቸውን የጻፉት እንዲህ ነው። ያ አጤ ዮሐንስ በሃይማኖት ጉዳይ የሰበሰቡት የቦሩ ሜዳው ጉባኤ የተደረገበት ዘመን ነው፣ 1870፤ ቦሩ ሜዳ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ናት። ሰምና ወርቁን፣ ኅብረ ቃሉን ስፈልግ ያ የድሮው ደስታዬ ተመለሰ። አንድ ቃል ላይ ሁለት ነገር ተደብቋል፣ አንቺ ታወጪዋለሽ። የወንጀል መጽሐፍ ላይ የምወደው ይህንኑ ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ደርሰን ረዳቱ «እህቴ፣ ደርሰናል እኮ» ብሎ ትከሻዬን ነካኝ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስለነበር ደነገጠ። አያቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ የማን እንደሆነ እነግራት ነበር። ምናልባትም ታውቅ ኖሯል፣ ያልጠየቅኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር «ዛሬ የኔን ልምረጥ» ብዬ የወንጀል ልብ ወለድ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ነገ ነይ አሉኝ። በነጋታው ስሄድ መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ሰክተውበታል። «ከዚህች እስከዚች ዝለያት። ታሪኩ አይጎድልብሽም» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ አንብበውት ነው ተኩሱ ያለበትን ምልክት ያደረጉልኝ። መጽሐፉን የሸጡልኝ በስንት ነው ብትሉኝ ለመናገር አፍራለሁ። የሌሊት እንቅልፋቸውን ዋጋ አልጨመሩበትም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ይህን እንደማያነቡት አውቃለሁ፣ ስልክዎ ለመደወል ብቻ ናት። መጥቼ አነብልዎታለሁ።

ለእናንተ ደግሞ፦ ፒያሳ ናቸው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ሸራውን ፈልጉ። ከኮምቦልቻም ቢሆን ለመጽሐፍ ብላችሁ ብትወጡ አያስቆጭም። ዝናብ ከሆነ በረንዳው ሥር ጠጋ ብለው ነው የሚቀመጡት። ቤታችሁ የተቀመጠ የማታነቡት መጽሐፍ ካለ ውሰዱላቸው፣ በተለይ የተውኔትና የሕጻናት፤ ያጥራቸዋል። ኮላና ወፍራም ክርም ይፈልጋሉ። ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደምትወዱ ነግራችኋቸው ብቻ እንዳትመለሱ። በውስጡ ምኑን እንደምትወዱ አስባችሁ ሂዱ፣ እሱን ነው የሚጠይቋችሁ። ያልጣማችሁን ሳታፍሩ መልሱላቸው፣ አይቀየሙም። የጣማችሁን ደግሞ ንገሯቸው፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል።