ወርቹን ያተረፉልኝ ስጋ ቆራጭ፦ ምስጋናና ጥቆማ ሚኒሶታ ላላችሁ አዳኞች

ሚኒሶታ ውስጥ አጋዘን የምታድኑ ሀበሾች፣ ወይም ዘንድሮ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህችን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ስትወጡ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አጋዘን ገፍፈው የሚበልቱ አንድ አዛውንት አሉ። እድሜና ጤና ይስጣቸው! እኔ ለሳቸው የማደርገው ነገር ቢጠፋኝ ይህን ልጽፍ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ያንገበገበኝን ልናገር።

ጠመንጃ ልገዛ በሄድኩበት ሱቅ ሻጩ “ትልቁን ውሰድ፣ አጋዘኑ እዚያው በቆመበት ይወድቅልሃል” አለኝ። ያነሳልኝ 300 ዊንማግ የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰውን ነው። ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘርና ድብ ለሚያድን ሰው የሚሆን፣ ጉልበቱ ከባድ የሆነ መሣሪያ ነው። ጥይቱንም የመረጠልኝ እሱ ነው። “ወርቹ ላይ በለው” ብሎ የመከረኝም እሱ ነው። አጋዘኑ እውነትም እዚያው ወደቀ። ቆዳው ሲገፈፍ ግን አንዱ ወርች ደቅቋል፣ ሌላው ጥቁር የረጋ ደም ሆኗል። የአጥንት ስብርባሪው እስከ ሽንጡ ጫፍ ድረስ ተበትኗል። እንስሳ ገድሎ ግማሹን መጣል ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስጋውን ያስቆረጥኩበት ቤት ደግሞ የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱንም ወርች ሳያሳዩኝ ጣሉ። ሒሳቡን ግን ሙሉውን ተቀበሉኝ። የተመለሰልኝ የኔው አጋዘን ይሁን የሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የብዙ ሰው ስጋ አንድ ላይ እንደሚፈጩ የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያ ላይ የተፈጨው ውስጥ የአሳማ ስብ ጨምረውበታል። አጋዘን ስብ ስለሌለው እዚህ አገር የተለመደ ነው አሉኝ። ይለመድ! ሰው አይጠየቅም እንዴ? ባለቤቴ ፓኬቶቹን አንድ በአንድ አውጥታ ስትጥል እያየሁ ምንም ማለት አልቻልኩም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የአዛውንቱን ስልክ የሰጠኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሙስሊም ነው፤ ቢስሚላህ ሳይል የማይተኩስ፣ ስጋው ከሌላ ስጋ እንዳይነካካ የሚጠነቀቅ ሰው። “እሳቸው ጋ ሂድና ተገላገል” አለኝ።

በቀጣዩ ወቅት ሄድኩ። ያ የሱቅ ሰው ባስያዘኝ ጥይት፣ እሱ በመከረኝ ቦታ የተመታ አጋዘን ነበር የጫንኩት፤ ወርቹ ያው ጉድ ሆኗል። ሽማግሌው ከመኪናው ኋላ ቆመው ቁስሉን አዩት። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። “ና ግባ፣ እጅህን ታጠብ” አሉኝ። ሌላ ቦታ እኮ ከባንኮኒው ማዶ ማለፍ አይፈቀድም!

ወርቹን ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። የያዙት ቢላ ቀጭንና አጭር ነው፣ ከመሳል ብዛት ያለቀ። ስጋው ድርብርብ መሆኑን አሳዩኝ። በድርቡና በድርቡ መሀል ስስ ሽፋን አለ። “ደሙ የሮጠው በዚህ መሀል ነው፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም የተበላሸ ይመስላል” አሉኝ። ከዚያ ሽፋኑን በጣታቸው ቀስ አድርገው ላጡት። የረጋው ደም ከሽፋኑ ጋር ተያይዞ ተነሳ። ከሥሩ ንጹህ፣ ቀይ፣ ምንም ያልነካው ስጋ ወጣ! እኔ የጠፋ መስሎኝ የነበረው ስጋ ነው። አንዱን ድርብ ጨርሰው ወደሚቀጥለው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። አጥንት እንዳይቀር በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ። ውጭ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ ግን አልቸኮሉም።

ቀዳዳው አካባቢ ሲደርሱ ግን ያለ ርኅራኄ ሰፋ አድርገው ቆርጠው ጣሉት። እኔ ሳሳሁ። ቀና ብለው “ልጆች አሉህ?” አሉኝ። አሉኝ አልኳቸው። “እንግዲያው ይህን አልሰጥህም” አሉ። እርሳስ ያለው ጥይት ሲበታተን ብናኙ በዓይን የማይታይ ሆኖ ስጋው ውስጥ ይቀራል፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጎረቤታችን ሰሜን ዳኮታ ለችግረኞች የተለገሰ የተፈጨ የአጋዘን ስጋ እርሳስ ተገኝቶበት እንዲጣል መደረጉን ያን ጊዜ ነው ከሳቸው የሰማሁት። በሕይወቴ ስለ ልጆቼ ጠይቆ ስጋ የከለከለኝ ነጋዴ እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን አልረሳላቸውም።

ሊፈጩት ሲሉም ቆም ብለው “የአሳማ ስብ ትበላላችሁ?” አሉኝ። አንበላም ስላቸው መፍጫውን ፈታተው አጠቡትና የበሬ ስብ ጨመሩበት። ስላጠፉት ጊዜ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁም።

ከዚያ ምክሩ መጣ። ጠመንጃውን ሽጠው ይሉኛል ብዬ ነበር። “ጠመንጃህ ምንም አላጠፋም” አሉኝ። በዚህ ጫካ አጋዘን የሚመታው ቅርብ ላይ ነው፤ ጥይቱ ገና ፍጥነቱ ሳይበርድ ይደርሳል። ለስላሳው የጥይት ዓይነት በዚያ ፍጥነት አጥንት ሲያገኝ ይበታተናል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፣ ሲከፈትም አንድ ላይ የሚቆይ ግዛ አሉኝ። ስለ ክብደቱና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ቁጥር ነገሩኝ፣ አልገባኝም። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ፣ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ወረቀቱን ሌላ ሱቅ ወስጄ ሰጠሁ፣ አለቀ። ጥይት ስትቀይር ግን ጠመንጃህን ኢላማ ላይ ተኩሰህ እንደገና ሳታስተካክል ጫካ እንዳትገባ ብለው አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል።

ዋናው ነገር ግን ቦታው ነው። የተሰቀለ አጋዘን አዙረው እጄን ይዘው ከወርቹ ኋላ ጎድኑ ላይ አስቀመጡት፣ ከደረቱ ከፍ ብሎ። “እዚህ። ከሥሩ ሳንባ ነው። ጎድን ላይ ደግሞ የምታጣው ስጋ ትንሽ ነው።” አጋዘኑ ጎኑን እስኪሰጥህ ጠብቅ፤ በአንተ በኩል ያለው የፊት እግሩ ወደፊት ሲራመድ ቦታው ይከፈታል። ፊቱን ወይም ቂጡን ካዞረብህ ተወው። ሆዱ ከተመታ ፈርሱ ስጋውን ያበላሸዋል። ሳንባው የተመታ ትንሽ ሊሮጥ ይችላል፤ አትደንግጥ፣ ቆይተህ የደሙን ዱካ ተከተል። ከወደቀ በኋላ ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጣ፣ ስጋው ይቀዝቅዝ። አሉኝ።

እንዳሉት አደረግኩ። አጋዘኑ ሮጦ ከጥዶቹ ሳያልፍ ወደቀ። ወስጄላቸው ሲገፍፉት ጎድኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ፣ ሁለቱም ወርች ሙሉ። እኔን ጠርተው “ና እይ!” ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከኔ በላይ ደስ ብሏቸው።

ለእኛ ጊዜውም ይመቻል። የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሳይገባ የተወሰነውን እንበላለን፣ የቀረው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ “አጋዘን ደሞ ይበላል?” ብላ ተጨንቃ ነበር። የንስሐ አባታችን ዘዳግም 14 ላይ ዋላ ከሚበሉት ጋር መቆጠሩን ሲነግሯት ልቧ አረፈ። “ደሙ ግን?” አለች። ደም ያልቋጠረውን ወርች አምጥቼ አሳየኋት። በገና ቀይ ወጥ ሠራችው፣ ጭቅናውን ጠበሰችው። ስብ ስለሌለው ቅቤውን አትሰስቱ። ጥሬውን ግን አትሞክሩ፤ የዱር እንስሳ ነው፣ በደንብ ይብሰል። ክትፎ ያማራችሁ የበሬ ስጋ ግዙ።

እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ! ከኔ የባሰ ኃይለኛ ጠመንጃ የያዛችሁ በተለይ፣ ከመተኮሳችሁ በፊት ሄዳችሁ አናግሯቸው፤ ለምክሩ አያስከፍሉም። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። በመክፈቻው ቅዳሜና እሑድ ቦታው ስለሚሞላ አስቀድማችሁ ደውሉ። አጋዘኑን ሳታስመዘግቡም አትሂዱ፤ ያልተመዘገበ አይነኩም።