ጾመኛ ስፖርተኛ ልጅ ላላችሁ ሁሉ፦ ይህችን ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ምስጋና በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። እዚህ ለንደን አንዲት የአመጋገብ ባለሙያ አለች። እንግሊዛዊት ናት። ለልጄም ለእኔም የዋለችልንን ውለታ ፈጣሪ ይክፈላት። ስፖርት የሚሠራ፣ ጾምም የሚጾም ልጅ ያላችሁ እሷ ጋ ሂዱ።

ልጄ ራግቢ ተጫዋች ነው። እኛ ሐበሾች እግር ኳስና ሩጫ እንጂ ራግቢ ብዙም አናውቅም። አንድ ቡድን 15 ሰው ነው፣ ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው፣ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው ይሮጣሉ። ልጄ ሎክ ነው። ስክረም ሲገቡ ስምንት ለስምንት ተቆላልፈው ይገፋፋሉ፤ እሱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ኳሷ ከመስመር ወጥታ ስትወረወር ደግሞ ጓደኞቹ ወደ ላይ ያነሱትና አየር ላይ ይቀልባታል። በዚህ ቦታ የሚጫወቱት ትልልቆቹ አብዛኞቹ ከ110 ኪሎ በላይ ናቸው። ልጄ ቁመቱን ከአባቱ ወስዷል፤ ሰውነቱ ግን ገና የልጅ ነበር። የሚሠለጥንበት የክለቡ የወጣቶች አካዳሚ ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኪሎ ጨምር።

ክፍሉ ግድግዳ ላይ የማሮ ኢቶጄን ፎቶ ለጥፏል። ማሮም ሎክ ነው፤ ወላጆቹ ከናይጄሪያ ናቸው፣ እሱ የተወለደው እዚሁ ለንደን ነው። በፈረንጆቹ 2014 ከ20 ዓመት በታች የእንግሊዝ ቡድን አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫ አነሳ፤ በ2016 ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፤ በ2025 ደግሞ የብሪታንያና አየርላንድ ምርጥ ተጫዋቾች ቡድን የሆነውን ላየንስን በአምበልነት መርቶ አውስትራሊያ ሄደ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወድለት ለሳራሰንስ ክለብ እየተጫወተ ሶአስ የሚባለው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፖለቲካ መማሩን ነው። ምክንያት አለኝ። በ2022 ዋስፕስና ዉስተር፣ በ2023 ደግሞ ለንደን አይሪሽ የሚባሉት የራግቢ ክለቦች በገንዘብ ችግር ሲወድቁ ስንት ልጅ ሥራ አጥቶ ቀረ። ስለዚህ ልጄን ትምህርትህን አትልቀቅ እለዋለሁ፣ እሱም ይሰማኛል።

ጾሙን ግን ማንም አላስገደደውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ይጾማል፣ አካዳሚ ከገባ በኋላም አልተወም። ችግሩ ሁዳዴ የሚውለው የውድድሩ እሳት ላይ፣ ሲክስ ኔሽንስ የሚባለው የስድስት አገሮች የራግቢ ውድድር በሚካሄድበት ሰሞን ነው። 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። በየቀኑ ግን ብረት ማንሳት፣ መግፋት፣ መውደቅ አለ። ያለፈው ዓመት ልጄ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ሳየው ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም።

እርዳታ ፍለጋ ያልዞርንበት የለም። አንዱ ጋ ገንዘባችንን ተቀብለው አንድ የታተመ ወረቀት ሰጡን። እንቁላል፣ ዶሮ፣ እርጎ ይላል። ጾም ነው ስንላቸው እንኳን ወረቀቱን አልለወጡም። ሌላው ጋ ባለሙያው ልጄን ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው "ወይ ሃይማኖትህን ወይ ራግቢህን ምረጥ" አለው። የ18 ዓመት ልጅን እንዲህ ይሉታል? ከዚያ ወጥተን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔ ውስጤ እርር አለ። ሌላ ቦታ ደግሞ ለጾም ይሆናል ብለው በውድ ዋጋ የፕሮቲን ዱቄት ሸጡልን። ቤት ገብቶ ጀርባውን ሲያነበው ከወተት የተሠራ ነው። ለመመለስ ብንሄድ ጣሳው ተከፍቷል ብለው አሻፈረኝ አሉ። ከራሳችን ሰዎች መካከልም "ፈረንጅ አገር ምን ጾም አለ" ያሉን ነበሩ። እሱ ከሁሉም ይበልጥ አመመኝ።

ይህችን ሴት ያገኘናት በቡድን ጓደኛው እናት በኩል ነው። ገብተን ተቀመጥን። ልጄ አቀርቅሮ ስለ ጾሙ ነገራት፤ ደግሞ ልንሰደብ ነው ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥያለሁ። እሷ ምን አለች መሰላችሁ? "ከቄሳችሁ ጋር ተነጋግረሃል? መጀመሪያ እሳቸው የሚፈቅዱልህንና የማይፈቅዱልህን ጠይቀህ ና። እኔ የምሠራው በዚያ ውስጥ ነው።"

እመቤቴን፣ እንባዬ መጣ። የሰው ሃይማኖት የማታውቅ ሴት የነፍስ አባቱን አከበረችለት! ልጄም ቀና አለ።

አባታችንን ጠየቅናቸው። የፍስክ ምግብ እንዳይነካ፣ ሥራው ከባድ ስለሆነ ግን ሰዓት እንዳይቆይ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲበላ ፈቀዱለት። ይህን ይዘን ተመለስን። እሷ ወረቀትና ብዕር ይዛ እኔን መጠየቅ ጀመረች። ሽሮው ከምን ከምን ይፈጫል? ምስሩ ስንት ጭልፋ ይቀርባል? እንጀራው ስንት ቀን ይቦካል? በሶን ስነግራት ደስ ብሏት አምጪልኝ አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ በጥብጬ ወሰድኩላት፣ ጠጣች፣ ከልምምድ በፊት እንዲጠጣው በፕሮግራሙ አስገባችለት። ተልባው፣ ሱፉ፣ ኦቾሎኒው፣ ቆሎው ሁሉ ገባ። ቶፉና ከአተር የተሠራ ዱቄት ጨመረችበት፤ የቫይታሚን ቢ12 ኪኒንም አዘዘችለት። ስለ ግራሙና ስለ ስሌቱ ብዙ አስረድታናለች፣ እሱን ለልጄ ትቼዋለሁ። የእኔ ድርሻ መቀቀል ነው።

በዚህ አላበቃችም። ፈቃዳችንን ጠይቃ ለአካዳሚው አሠልጣኞች ደብዳቤ ጻፈች። ከበድ ያለው የብረት ሥራ በልቶ ሰውነቱ ከበረታ በኋላ እንዲሆን አስማማቻቸው። ልጁ እንዲጾም፣ የሚለወጠው ሰዓቱ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። እነሱም እሺ አሉ! ለካ የሚያስረዳቸው ሰው ነው የጠፋው።

በዘንድሮው ሁዳዴ ልጄ አልከሳም። ኪሎ ጨመረ እንጂ። እዚያው ጾሙ ውስጥ ከዋናው ቡድን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀይሮ ገባ። ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ፈረመ። የክለቡን ስም አልጠራም፣ ገና ልጅ ነው፣ በጸሎታችሁ አስቡት። ሥራው የእሱ ነው፣ ላቡም የእሱ ነው፤ ያለዚህች ሴት ግን ወይ ጾሙን ወይ ራግቢውን ጥሎ ነበር።

ክፍያዋ ከቀደሙት ሁሉ ያንሳል። ቀጠሮ አታጓድልም፣ ስትደውሉላት ታነሳለች፣ ለእናት ጥያቄ ጊዜ አላት። ሯጭም ይሁን እግር ኳስ ተጫዋች፣ ለሚጾም ልጅ ሁሉ ትሆናለች፤ ረመዳን ለሚጾሙ ልጆችም እንደምትሠራ ነግራኛለች። ከለንደን ውጭ ያላችሁን በቪዲዮ ታያለች። እባካችሁ ሂዱ፣ ልጆቻችሁን ውሰዱ። ስትሄዱ ቤት የሚበላውን ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ፣ እሱን ነው መጀመሪያ የምትጠይቀው።

ስልኳን አደባባይ ማውጣት ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ሳይደርስ አሁኑኑ ቀጠሮ ያዙ።