ከደረጃው በፊት እናቴን ያየ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም ለእናት ለአባቱ የደረጃ ሊፍት ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ እንዳይሸወድ፤ እኔ የተረፍኩት ለጥቂት ነው።

እናቴ ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤቷ ተራራ ሆኖባታል። አንድ ቀን ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ስትወርድ ደረስኩባትና በዚያው ዕለት ወሰንኩ። የደረጃ ሊፍት ማለት በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚል ወንበር ነው፣ አይታችሁት ይሆናል።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሻጭ ደረጃውን በፎቶ ብቻ አይቶ "ያገለገለ አለኝ፣ ነገ እንገጥመዋለን" አለኝ። ርካሽ ስለሆነ ደስ አለኝ። ችግሩ የሱ ሐዲድ ቀጥ ያለ ነው፣ የኛ ደረጃ ደግሞ ጫፉ ላይ ይታጠፋል። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "የቀረችውን ሦስት ደረጃ በእግራቸው ይጨርሷታል!"

ሁለተኛው ሻጭ ግን ቤታችን ድረስ መጣ። ሜትሩን እንኳ ሳያወጣ እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ሲያጫውታት ቆየና "እማማ፣ ቀኝ እጅዎን ያምዎታል እንዴ?" አላት። እኔ ስለ እጇ ትንፍሽ አላልኩም፤ የውሃ ብርጭቆዋን በግራዋ ስታነሳ አይቶ ነው። ወንበሩ የሚሄደው መቆጣጠሪያውን ተጭነው እስከያዙት ድረስ ነው፣ ሲለቁት ቀጥ ይላል፣ ስለዚህ በሚያማት እጇ በኩል ቢሆን ኖሮ ለጌጥ ነበር የሚቀረው። በግራ መደገፊያው ላይ አደረገላት። ከዚያ ቁጭ እንዳለች ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ ለካ። ደረጃው ጠባብ ከሆነ ጉልበት ግድግዳ እንደሚነካ ማን አሰበው?

መታጠፊያውን ሲያይ ደግሞ "ሰው የሚወድቀው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ከዚህ የማያሳልፋቸውን ወንበር አልሸጥልዎትም" አለኝ። የሚታጠፍ ሐዲድ በቤቱ ልክ ስለሚሠራ እንደሚወደድ፣ እንደሚያስጠብቅ፣ ለሌላ ቤትም እንደማይሆን አስቀድሞ ነገረኝ። ዋጋውን ስሰማ ፊቴ ጠቆረ፣ አልዋሽም።

ግጠማው ግማሽ ቀን ፈጀ። (አርፍዶ ነው የመጣው፣ ይቺን አልረሳሁለትም።) ሐዲዱ ግድግዳ ላይ የሚታሰር መስሎኝ ነበር፣ ለካ እደረጃው ላይ ነው። ላይ ሲደርስ ወንበሩ ወደ ወለሉ ይዞራል፤ እናቴ ደረጃውን ከኋላዋ አድርጋ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ትነሳለች። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም መሃል መንገድ ላይ አያስቀራትም።

በሳምንቱ ሌሊት ላይ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። እንቅልፍ አጥተን አድረን ጠዋት ስደውልለት "ቤት ውስጥ ልጅ አለ?" ብሎ ሳቀ። እውነትም የእህቴ ልጅ ሲንሸራሸርበት አምሽቶ መሃል ላይ ትቶት ኖሯል፤ የኛ ወንበር ቻርጅ የሚያደርገው ደግሞ ላይና ታች ማቆሚያው ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። "ቁልፉን ነቅላችሁ አስቀምጡ" አለን፣ በስልክ አለቀ፣ ምንም አልጠየቀም።

እናቴ "ያ የተባረከ ልጅ" ነው የምትለው። ትናንት ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች። አንዱ መነጽሯን ለማምጣት ነበር፣ ሁለቱን እንጃ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ።