ከሐረር ተነስቶ ለሚበር፦ ድሬ ወይስ ጅጅጋ?

ሐረር ኤርፖርት የላትም። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚሄድ ወዳጅ ሁሉ ይደውልና «የጅጅጋው ትኬት ዛሬ ረከስ ብሏል፣ ልቁረጠው እንዴ?» ይለኛል። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ተወው፣ ድሬ ይሻልሃል።

በሰማይ ያለው ልዩነት አያጣላም። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 345 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጅጅጋ 455 ገደማ። ከድሬ አንድ ሰዓት ያህል ይበረራል፤ ከጅጅጋ ሩብ ሰዓት ቢጨመር ነው። አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ይሁን ጄት ብላችሁም አትጨነቁ፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ለውጡ የደቂቃዎች ነው።

ብሩ የሚያልቀው መሬት ላይ ነው። ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባዱላው ቀኑን ሙሉ ይጭናል፤ የደንገጎ ጥምዝምዝ ሆድ ቢያገላብጥም ቶሎ ያልፋል። ጅጅጋ ግን 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል፣ በባቢሌና በዳካታ ሸለቆ አድርጎ ካራማራን አቋርጦ። መንገዱስ ያምራል፤ ችግሩ ኬላው ነው። የአንድ ሰው ሻንጣ ካከራከረ መኪናው ሙሉ ይቆማል፣ አውሮፕላኑ ደግሞ አይጠብቅም። ይህን የፈራ ሰው ኮንትራት ይይዛል፤ ኮንትራት ከያዘ ደግሞ በትኬቱ ያተረፋት ብር እዚያው መንገድ ላይ ቀረች።

ስለዚህ ሁለቱን ዋጋ ስታስተያዩ በጅጅጋው ላይ የመኪናውን፣ ረዳቱ ለሻንጣ የሚጠይቀውን፣ ምሳውን፣ በረራው ማለዳ ከሆነ የአልጋውንም ደምሩ። ደርሶ መልስ ከሆነ እጥፍ ነው። ድሬ ከገባችሁ በኋላ ግን፣ በረራው ማለዳ ካልሆነ፣ የሚቀረው የባጃጅ ብቻ ነው።

ጅጅጋን የምመክረው ባቢሌና ከዚያ ወዲያ ላለ ሰው፣ ወይም ለቁልቢ ሰሞን ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ የድሬ ወንበር ይጠባል፤ ርካሹ ቀድሞ ስለሚያልቅ የዘገየ ሰው በውድ ይቆርጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የውጭ በረራውን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ይያዝ፤ በአገር ውስጡ ላይ ቅናሽ አለው።

ከዋጋው በላይ የሚያናድደኝ የደላላ ትኬት ነው። አንዲት ጎረቤታችን ስሟና ቀኑ ያለበት፣ ያማረ ወረቀት ታትሞላት ከፈለች። ኤርፖርት ስትደርስ ቦታው ተይዞ ብቻ ነበር፣ ሳይከፈልበት ቀርቶ ተሰርዟል። ደላላው ስልኩን ዘጋ። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ ስድስት ኮድ ቦታ መያዙን እንጂ መከፈሉን አያሳይም። የተከፈለበት ትኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ ከሆነ በ071 ይጀምራል። እሱን ሳታዩ በቴሌብር አምስት ሳንቲም አትላኩ።

ሰዓቱንም እዩ፤ ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 07:10 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው፣ ከሐረር በሌሊት መነሳት ይጠይቃል፣ በዚያ ሰዓት አባዱላ አትጠብቁ። ብቻውን የሆነ ሰው ድሬ ቢያድር ይረክስለታል፤ አራት ከሆናችሁ ኮንትራቱን ተካፈሉት።